በሻርጃ ወበቅ የመኝታ ቤቴን ሻጋታ እንዴት እንደተገላገልኩት

ይህን የምጽፈው ዱባይ፣ ሻርጃ፣ አጅማን፣ ዶሃ፣ ማናማ፣ ጅዳ፣ ብቻ ባሕሩ አጠገብ ባሉት የአረብ ከተሞች ለምትኖሩ ነው። ሪያድ ያላችሁ እለፉት። የእናንተ አየር ደረቅ ነው፣ ጣጣችሁ አቧራ ነው። የእኛ ጣጣ ወበቅ ነው። ወበቁ ደግሞ ውጭ ቆሞ አይቀርም፣ ቤት ገብቶ ፍራሽ ስር ይከርማል።

ሻርጃ ከሁለት እህቶች ጋር አንድ አፓርታማ ተጋርተን ነበር የምንኖረው። ለእኔ የደረሰኝ የጥጉ ክፍል ነው። ሁለቱ ግድግዳዎች የውጭ ግድግዳ ናቸው፣ ሰፊ መስኮት አለው፣ አከራዩ ደግሞ ያንን የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክነት ያለው የግድግዳ ወረቀት ዙሪያውን ለጥፎበታል። ያየው ሁሉ ዕድለኛ ነሽ ይለኝ ነበር። የክፍሉ ጣጣ ሁሉ የተሰበሰበው ግን በእነዚህ ሦስት ነገሮች ነው፤ በውጭ ግድግዳው፣ በመስኮቱና በወረቀቱ።

ሙቀቱ ጠንከር ማለት ሲጀምር ክፍሉ የታፈነ ልብስ መሽተት ጀመረ። ጠዋት ስነሳ አፍንጫዬ ድፍን ይላል፣ ያስነጥሰኛል፣ ደረቅ ሳል አለ። ሥራ ቦታ ውዬ ከሰዓት ሲሆን ይተወኛል። ማታ ተመልሼ ስተኛ እንደገና። አለርጂ ነው ብዬ ኪኒን ገዛሁ። ሰው መቼም መጀመሪያ ራሱን እንጂ ቤቱን አይጠረጥርም። ቤት ስትገቡ የሚነሳባችሁ፣ ስትወጡ የሚተዋችሁ ሳል ወይም ማስነጠስ ካለ ግን ሌላ ነገር ከማሰባችሁ በፊት አልጋውን ሳብ አድርጉና ከኋላ ያለውን ግድግዳ እዩ። አስም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ ለነገ አትበሉ፣ ሻጋታ አስምን ይቀሰቅሳል።

እኛ ያደረግነው ያደግንበትን ነው። ቤት ሲታፈን መስኮት ይከፈታል፣ አለቀ። አዲስ አበባ ጥቅምት ላይ በርና መስኮቱን ከፍተሽ፣ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጥተሽ ብታውይው ማታ ሁሉም ነገር ደርቆ ይጠብቅሻል። እኔም በዚሁ ልማድ ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ኤሲውን አጥፍቼ መስኮቱን ወለል አድርጌ እከፍታለሁ። ማታ ስመለስ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያቃጠለኝን ሙቀት ልበቀለው ይመስል ኤሲውን 18 ላይ አድርጌ ብርድ ልብስ ተከናንቤ እተኛለሁ። ልብስ የምናሰጣው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው፣ በረንዳ ላይ ማስጣት ሕንፃው አይፈቅድም። ሽታው ሲብስ ዕጣን ይጨሳል። ዕጣኑ ያልቃል፣ ሽታው ይቀራል።

አንድ ቅዳሜ በራስጌ በኩል የወረቀቱ ጠርዝ ተላጠ። ጫፉን ይዤ ሳብ ሳደርገው ያለ ምንም ትግል መጣልኝ፣ ሙጫው ሟሙቶ ዝልግልግ ብሏል። ጀርባው ላይ ሮዝ ሮዝ ነጠብጣብ አለ፣ መሐል መሐሉ ላይ ጥቁርና አረንጓዴ ተበትኖበታል። ከስሩ ያለው ልስን በጣቴ ስነካው ረጠበብኝ፣ ጫን ስለው ፈረሰ። ጎረቤት ክፍል ያሉት ታላቃችን ሊያዩ ገቡና አፍንጫቸውን ይዘው ቆሙ። «አንቺ ልጅ፣ ይሄን ስትተነፍሺ ነው እንዴ የከረምሽው?» አሉኝ። ከዚያ ሁላችንም የምናውቃት መድኃኒት መጣች፣ በረኪና።

በረኪናው ግድግዳውን ነጭ አደረገው። ደስ አለን። ብዙም ሳይቆይ እዚያው ቦታ ላይ ተመለሰ። ደገምነው፣ አሁንም ተመለሰ። የበረኪና ነገር እንዲህ ነው፦ ሴራሚክ ወይም መስታወት ላይ ሲሆን ይሠራል፣ ልስን፣ ጂብሰምና እንጨት ላይ ሲሆን ግን ላዩን ያነጣል እንጂ ውስጥ የገባውን አይደርስበትም፣ አብሮት ያለው ውሃ ደግሞ ግድግዳውን ይበልጥ ያረጥበዋል። የሞተ ሻጋታም ቢሆን እዚያው ካለ አፍንጫና ሳንባን ያስቆጣል፣ ስለዚህ ዋናው ነገር መግደሉ ሳይሆን ጠርጎ ማውጣቱ ነው። ቤት በማጽዳት ለምትተዳደሩ እህቶች ደግሞ አንድ ነገር አደራ ልበል። በረኪናን ከአሞኒያ ካለው ማጽጃ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር በጭራሽ አትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው፣ ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰው ይጥላል።

ይባስ ብሎ በነሐሴ ለዕረፍት አገር ቤት ሄድኩ። መብራት ለምን ይቆጥራል ብዬ ኤሲውን አጠፋሁ፣ ሌባ እንዳይገባ መስኮቱን ዘጋሁ፣ ቁም ሳጥኑን ቆለፍኩ። ከመስቀል በኋላ ተመልሼ ቁም ሳጥኑን ስከፍተው የቆዳ ጫማዎቼ ግራጫ ጸጉር አብቅለዋል። ቀበቶው፣ ቦርሳው፣ ሁሉም። የሐበሻ ቀሚሴን በፌስታል ጠቅልዬ ነበር ያስቀመጥኩት፣ ከጥለቱ አጠገብ ያለው ነጭ ፈትል ላይ ቃሪያ ፍሬ የሚያህሉ ጥቁር ነጠብጣቦች ፈሰውበታል። ያ ነጠብጣብ እስከ ዛሬ አልለቀቀም። ፍራሹንም ጣልኩት። ፍራሽ ውስጥ ሻጋታ ከገባ አትድከሙ፣ አይታጠብም፣ አይደርቅም፣ ይጣላል።

ነገሩን የለወጠው አንዲት ትንሽዬ የእርጥበት መለኪያ ናት። የእጅ ሰዓት የምታህል፣ ዋጋዋም ርካሽ፣ ሙቀቱንና የአየሩን እርጥበት በፐርሰንት የምታሳይ። ራስጌዬ ላይ አስቀመጥኳት። ማታ ኤሲው ሲሠራ በስልሳና በሰባ መካከል ታሳያለች። ጠዋት መስኮት ስከፍት ቁጥሩ ዓይኔ እያየ ሽቅብ ወጣ፣ ሰማንያን አለፈ። እንግዲህ «አየር ይግባ» ስል የነበረው እኮ ውሃ ይግባ ማለት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አየር ሲሞቅ ብዙ ውሃ ይሸከማል፣ ሲቀዘቅዝ የመሸከም አቅሙ ይቀንስና የተረፈውን ይጥለዋል። ከፍሪጅ የወጣ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ለምን ላብ ላብ እንደሚለው አስቡት፣ ግድግዳውም እንደዚያው ነው። የአዲስ አበባ የበጋ አየር፣ 20 ዲግሪና 50 ፐርሰንት ቢሆን፣ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ዘጠኝ ግራም የማይሞላ ውሃ ነው ያለው። የነሐሴ የሻርጃ ምሽት 35 ዲግሪና 70 ፐርሰንት ሲሆን ወደ 28 ግራም ይይዛል። 22 ዲግሪ ያለው ክፍል ደግሞ ቢሞላ ቢሞላ ከ19 ግራም ብዙም አያልፍም። ሦስት በአራት የሆነች ክፍል አየሯ አንድ ጊዜ ብቻ በውጭው አየር ቢተካ፣ እርጥበቱን ወደ 50 ፐርሰንት ለመመለስ ከግማሽ ሊትር በላይ ውሃ መውጣት አለበት። እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ በ18 ዲግሪ ያቀዘቀዝኩትን ግድግዳና ፍራሽ ነው ጠዋት ጠዋት ለዚያ አየር የምገልጥለት። ወበቁ በቀዝቃዛው ነገር ሁሉ ላይ ጤዛ ይሠራል። በዚህ አገር ውሃው ከጣሪያ ሲንጠባጠብ አታዩትም፣ የሚገባው ከአየር ጋር ነው።

ወረቀቱስ? በሙቅና እርጥብ አገር እርጥበቱ በግድግዳው ውስጥ ከውጭ ወደ ውስጥ ነው የሚጓዘው፣ ምክንያቱም ውስጡ ቀዝቃዛና ደረቅ ነው። ፕላስቲክነት ያለው ወረቀት ላይ ሲደርስ መውጫ ያጣል፣ እዚያው ይጠራቀማል። ሙጫው ለሻጋታው ምግብ፣ ወረቀቱ ደግሞ መጋረጃ ሆነለት። ቤት ስትከራዩ የውጭ ግድግዳው ላይ እንዲህ ዓይነት ወረቀት ካያችሁ ጥግ ጥጉን በመዳፋችሁ ጫን ጫን አድርጉት። ከለሰለሰ ወይም ከተነፋ ሌላ ቤት ፈልጉ።

እንግዲህ ምን አደረግን? ከሁሉ በፊት መስኮቱን ዘጋን። ከግንቦት እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ መኝታ ቤት «ለመናፈስ» አይከፈትም። ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ ጭጋጉ ከገፈፈ በኋላ እኩለ ቀን ላይ፣ እንደ ልባችሁ ክፈቱ፣ ያኔ አየሩ ወዳጅ ነው። የከበዳቸው ታላቃችን ናቸው። «ታፍነን እንሙት?» አሉ። ቁጥሩን እያሳየሁ ነው ያሳመንኳቸው፣ አሁን እሳቸው ናቸው መስኮት የከፈተ ሰው ላይ የሚጮኹት።

ቀጥሎ ኤሲው። 18 ላይ ማድረግ ቤቱን ቶሎ አያደርቀውም፣ ግድግዳውን ነው የሚያቀዘቅዘው። 24 ላይ አድርጉትና ይሥራ። የዱባይ የመብራትና ውሃ ባለሥልጣንም ለቁጠባ ብሎ የሚመክረው 24ን ነው፣ ለእኛ ደግሞ ለሁለት ነገር ይጠቅመናል። ሪሞቱ ላይ የውሃ ጠብታ ምልክት ያለው ቁልፍ ካለ እሱ እርጥበት መቀነሻው ነው፣ ሙቀቱ ረገብ ባለባቸው ወራት፣ አየሩ ሳያቃጥል ወበቅ ብቻ ሲሆን፣ እሱን ተጠቀሙ። ለክፍሉ ከሚገባው በላይ ትልቅ የሆነ ኤሲም ችግር ነው፣ ክፍሉን ቶሎ ያቀዘቅዝና ውሃውን ሳያወጣ ያርፋል፣ ቀዝቃዛ ግን እርጥብ ክፍል ይሆናል። የኤሲው ነፋስ በቀጥታ አንድ ግድግዳ ላይ እንዳይተፋ ክንፉን ወደ መሐል አዙሩት።

ኤሲ የሚያቀዘቅዝ ብቻ ሳይሆን ውሃ የሚጠባ ማሽን ነው፣ የጠባውን በቱቦ ወደ ውጭ ያንጠባጥባል። ነሐሴ ላይ ኤሲው እየሠራ ከቱቦው ውሃ የማይወርድ ከሆነ አንድ ነገር ተበላሽቷል። የእኔን ሊያይ የመጣው ጠጋኝ ቱቦውን ሲነፋው ጥቁር አተላ የመሰለ ነገር ተስፈንጥሮ ወጣ። ለካ ውሃው መውረጃ አጥቶ በኤሲው ጀርባ በኩል ግድግዳው ውስጥ ሲሰርግ ከርሟል። ፊልተሩን በየሁለት ሦስት ሳምንቱ እጠቡ፣ ቱቦውን ሙቀቱ ሳይገባ አስነፉ። መስኮት ላይ የሚገጠመው የድሮ ኤሲ ያላችሁ ደግሞ ዙሪያውን በእጃችሁ ዳስሱ። ትኩስ አየር የሚገባበት ክፍተት ካለ በስፖንጅና በሲሊኮን ድፈኑት።

ልብስ ማስጣቱን ወደ ሳሎን አዛወርነው፣ ኤሲና ፋን ባለበት። አንድ ማሽን ልብስ ሲደርቅ ከሊትር በላይ ውሃ አየሩ ላይ ይለቃል፣ ያ ሁሉ ትራሴ አጠገብ ነበር ሲደርቅ የኖረው። ገላ ከታጠባችሁ በኋላ የመታጠቢያ ቤቱን በር ዝጉ፣ ፋኑን አብሩ፣ እንፋሎቱ ሲወጣ ግን አጥፉት። ቀኑን ሙሉ ካበራችሁት ያወጣውን ያህል አየር በየቀዳዳው ከውጭ እየሳበ ያስገባል። ይህን የሚያውቅ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም።

አልጋውንና ቁም ሳጥኑን ከውጭ ግድግዳው አንድ ስንዝር አራቅናቸው፣ ከኋላቸው አየር እንዲዘዋወር። አዲሱን ፍራሽ ወለል ላይ ሳይሆን ርብራብ ባለው አልጋ ላይ አደረግሁ። ልብሶቼ ከፌስታል ወጥተው በጨርቅ ከረጢት ገቡ። እነዚያ ውሃ የሚያጠራቅሙ የጨው ሣጥኖች ዝግ ቁም ሳጥን ውስጥ ይረዳሉ፣ ለክፍል ግን አይበቁም። ከሰል አስቀምጡ የሚሉም አሉ። ሞክረነዋል፣ መለኪያዋ ንቅንቅ አላለችም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የእኔ ክፍል የጥግ ስለሆነ አሁንም ስልሳ አካባቢ ትል ነበር፣ ስለዚህ ሦስታችን አዋጥተን ዲሂውሚዲፋየር፣ ማለትም እርጥበትን ከአየር የሚጠባ ማሽን፣ ገዛን። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም የቤት እርጥበት ከ60 በታች፣ ከተቻለ ከ30 እስከ 50 ይሁን ነው የሚለው። በነሐሴ ሻርጃ ላይ 50 ካገኘሁ እኔ እልል ነው፣ 55ም አይከፋም። ማሽኑ ትንሽ ሙቀት ይለቃል፣ ይጮሃልም፣ ስለዚህ ቀን ቀን በሩን ዘግታችሁ አሠሩት። መስኮት ከፍታችሁ ካሠራችሁት ግን ባሕሩን ልታደርቁ ነው የተነሳችሁት።

ያለውን ሻጋታ ለማጽዳት፦ ከአንድ ካሬ ሜትር የማይበልጥ ከሆነ ራሳችሁ ትችሉታላችሁ። ኤን 95 ማስክ፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጉ፣ በሩን ዝጉ፣ በደረቁ አትጥረጉት፣ ይበናል። በሳሙና ውሃ እርጥብ አድርጋችሁ ፈትጉት፣ ጨርቁን በፌስታል አስራችሁ ጣሉት፣ ከዚያ በፋን አድርቁት፣ በደንብ። የረጠበ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ከደረቀ ሻጋታ አብዛኛውን ጊዜ ዕድል አያገኝም። ጂብሰሙ ውስጥ ከገባ ተቆርጦ ይውጣ። ላዩ ላይ ቀለም መቀባት ደግሞ የአከራዮች ዘዴ ነው፣ አትቀበሉ፣ ቀለሙ ራሱ ተልጦ ይወድቃል።

አከራይ ካልን፣ የእኔው መጀመሪያ «መስኮት ስለማትከፍቱ ነው» አለ። ፎቶ አነሳሁ፣ የቱቦውን አተላም፣ የወረቀቱን ጀርባም፣ የመለኪያዋን ቁጥርም። በስልክ አልተጨቃጨቅሁም፣ ሁሉንም በጽሑፍ ላክሁለት። ወረቀቱን አስነስቶ አየር በሚያሳልፍ ቀለም አስቀባልኝ። ዱባይ ያላችሁ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው የኪራይ ሕግ ቁጥር 26 በውላችሁ ሌላ ካልተስማማችሁ በቀር ጥገናውን የአከራዩ ኃላፊነት ያደርገዋል፣ ውላችሁን አንብቡት። በሰው ስም ቤት የምትጋሩ ከሆነ ደግሞ ውሉ የተጻፈበት ሰው ነው መጠየቅ ያለበት።

አገር ቤት ስትሄዱ ኤሲውን አታጥፉ። 26 ላይ አድርጋችሁ ተዉት፣ መብራቱ ይቆጥራል፣ ቢሆንም ከፍራሽና ከጫማ ዋጋ ያንሳል። የቁም ሳጥኑን በር ክፍት ተዉት፣ ልብሱ ታጥቦ ሙሉ በሙሉ ደርቆ ይግባ፣ ላብ ያለበት ልብስ ቶሎ ይሻግታል። ዲሂውሚዲፋየር ካላችሁ ባልዲው ሲሞላ ስለሚቆም ቱቦ ገጥማችሁ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ፍሳሽ አውርዱት። አንድ ሰው በየሳምንቱ ገብቶ ኤሲው አለመቆሙን ይይልሽ፣ ለዚህ ቁልፍ የሚሰጡት ሰው አይጠፋም።

ሰው ቤት እየሠራችሁ ከወጥ ቤት አጠገብ ባለች መስኮት አልባ ክፍል የምትተኙ እህቶች፣ ከላይ ያልኩት ብዙው በእጃችሁ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በእጃችሁ ያለው ይሄ ነው፦ ቀን ቀን በሩን ወደ ቀዘቀዘው ኮሪደር ክፍት አድርጉ፣ ትንሽ ፋን ካለ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሩ፣ ሻንጣችሁን ከወለል አንስታችሁ ካርቶን ሳይሆን ጣውላ ላይ አስቀምጡ፣ እርጥብ ፎጣ አልጋ ላይ አትስቀሉ። ለማዳም ስትነግሩ «አመመኝ» ብቻ አትበሉ፣ ወስዳችሁ ግድግዳውን አሳዩአት፣ በአረብኛ «ዐፈን» በሏት፣ ሻጋታ ማለት ነው፣ ይህ ነገር ወደ ልጆቹ ክፍል እንደሚሄድም ንገሯት። ብዙዎቹ ለሠራተኛ ክፍል ባይሮጡ ለልጆቹ ሲባል ጠጋኝ በማግስቱ ይጠራሉ።